ጨው የጠጣ ቲማቲም

ስሜ ዘምዘም ነው። የምቀዳው ግን ጨው።
ቱረያ ትስቃለች ይህን በሰማች ቁጥር፤
«ስምሽን ብንጨምር ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ውሃው ይጥም ነበር?»

ሱዌቅ ነው ያለነው፣ ባጢና ዳርቻ፤
ባሕሩ ከወዲያ፣ ተራራው ከወዲህ፣ መሐሉ አሸዋ ብቻ።
አያቷ በዚህ ላይ ሎሚ ተክሎ ነበር፤
በሬ ነበር ያኔ ውሃ የሚጎትት፣ በገመድ፣ በቆዳ፣ ሲመላለስ የሚያድር።
ኋላ ሞተር መጣ።
በሬ ይደክመዋል፤ ሞተር አይደክምም፤
በሬ ረክቶ ይተኛል፤ ሞተር አይጠግብም።
መጠጠው፣ መጠጠው፣ ጣፋጩን ጨርሶ፤
ባሕርም ባዶ ቤት አይወድምና፣
መጣ በምድር ሆድ፣ ማንም ሳያየው፣ ተንፏቆ ደርሶ።

ሎሚዎቹ ሞቱ። ሽማግሌው ሞተ።
«ለመኪና ማቆሚያ እናከራየው» አሉ ወራሾች ተሰብስበው።
ቱረያ ያኔ ሙስካት ነበረች፣ ባንክ ቤት፣
ከመስተዋት ጀርባ የሰው ብር ስትቆጥር፤
ሃያ ስድስት ዓመቷ።
«እኔ አርሰዋለሁ» አለች።
አክስቶቿ ሳቁ። እናቷ አለቀሰች።
ሳሊም፣ ያጎቷ ልጅ፣ ፒካፑን አስነሥቶ መጣ፤
እኔም ከእናቷ ወጥ ቤት፣ ካራት ዓመት ሰሐን፣
እጄን አደራርቄ መጣሁ።
የቃሉ ልጅ ነኝ፤ ማሽላ አውቃለሁ፣
የመሬት ጠረን ዝናብ ሲቀርበው አውቃለሁ፤
አሸዋን ግን አላውቀውም ነበር።

መጀመሪያ ሰላጣ ዘራን። ሞተ።
ቀጥሎ ዱባ፤ ጫፉ ተቃጥሎ እንደ ወረቀት ተጠቀለለ።
ሳሊም አንድ ሳምንት ስልኩን አላነሣም።
የቴምር ዝንጣፊ ከትፈን መሬቱን አለበስነው፣
የፍየል በጠጥ በጆንያ ተሸከምን፣
ቧንቧውን በመርፌ ወጋነው፣ ውሃው በጠብታ እንዲወርድ፤
የአያቷን ሞተር ቱረያ ራሷ ፈትታ ሸጠችው።

መለኪያ አላት፣ እንደ እስክርቢቶ የቀጠነ፤
ጉድጓዱ ውስጥ ነክራ ቁጥር ታነባለች።
እኔ ጣቴን ነክሬ እልሳለሁ።
ኅዳር ላይ ባትሪው አልቆ ነበርና
ምላሴን ጠየቀችኝ። «የላይኛው ጉድጓድ ይሻላል» አልኳት፤
«የታችኛው ያስለቅሳል።»
ባትሪ ገዝታ ስትመለስ ለካች፤ ዝም አለች፤
ከዚያ ወዲያ ሁለታችንንም ትጠይቃለች።

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይሉ ነበር እኛ አገር፤
እኔ ግን በየማለዳው ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብዬ
«ለራስህ ስትል አትጣፍጥ» እለው ነበር።
አልሰማኝም። ቲማቲሙ ጠጣው።
ጠጥቶ አልሞተም፤ ኮሰሰ፣
ቆዳው ጠነከረ፣ ዕድገቱ ቆመ፣
አንዱን ቆርጠን ለሦስት ስንቀምሰው
ሳሊም ዓይኑን ጨፈነ፤
እንዲህ ያለ ጣፋጭ በአፋችን ዞሮ አያውቅም።

ዓርብ ገበያ ወጣን።
ፊት ለፊታችን ሱፐርማርኬቱ፣ በሩ ቀዝቃዛ የሚተነፍስ፤
ከአውሮፕላን የወረደ ቲማቲም ደርድሯል፣
ክብ፣ ውልውል ያለ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጅ የሚመስል።
የኛ ደግሞ የጣት ያህል፣ ግማሹ የተሰነጠቀ።
«የማን ምርት ነው?» ይላል የሚያልፈው።
«የኛ» ትላለች ቱረያ፣ ክንዴን እየነካች።
ቃሏን አምናለሁ።
መታወቂያዬ ግን ዛሬም «የቤት ሠራተኛ» ይላል፤
ይህንንም አልረሳሁ።
ስለዚህ ከሳጥኑ ሥር፣ ከዐረብኛው በታች፣
በአራት ፊደል ስሜን ጻፍኩ፤
እዚህ ማን ያነበዋል ብዬ።

ወደ ረፋዱ አንዲት ወይዘሮ መጣች፣
ከኋላዋ ዘንቢል የያዘች ልጅ።
ወይዘሮዋ ዋጋ ስትከራከር
ልጅቷ ወደ ሳጥኑ ጎነበሰች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።
ቀና አለች። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ ባማርኛ።
አንድ ፍሬ ሰጠኋት። እዚያው ነከሰችው፤
ውሃው ባገጯ ወረደ።
«ጨው ነክቶታል» አለችኝ ቀስ ብላ።
«አዎ» አልኳት፣ «ለዚያ ነው።»