የሦስት ጣት ክፍተት

ያንን መዝጊያ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም።
ጥር ነበር፣ ኡላንባታር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
የተተፋ ምራቅ ጠጠር ሆኖ የሚወድቅበት ሰዓት፤
ዐሥራ አንድ ፎቅ የባንክ ሕንፃ፣ ከአናቱ ላይ ማሽን ቤት፣
እኔ የሌሊት ተረኛ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ሁለት ካፖርት።

ንጋት ዐሥራ አንድ ሲል ደውሉ ይጮሃል፤
ከማሞቂያው ጀርባ የተወጠረች የመዳብ ጅማት
"ውሃው ሊረጋ ነው፣ ቧንቧው ሊፈነዳ" ብላ ስታሳብቅበት
ማራገቢያው ቀጥ ይላል፤ ሕንፃው ትንፋሹን ይውጣል።

ጎምቦ፣ የሕንፃው ኃላፊ፣ ደወለልኝ ከአልጋው፦
"ቧንቧ ከፈነዳ ከደሞዝህ ነው ዋጋው።"
ሰፊ ብርማ ፕላስተር ነበረኝ፤
የውጭ አየር የሚገባባቸውን የቆርቆሮ ሽፋሽፍት
አንድ በአንድ ከደንኩ፣ የሞተሩን ክንድ በሽቦ ጠፈርኩት።
ደውሉ ዝም አለ። ዝምታውን ሰላም ብዬ ተኛሁበት።

በሳምንቱ ሰባተኛ ፎቅ ማዛጋት ገባ፤
አንዷ ስትጀምር ጎረቤቷ ትቀበላለች፣ እንደ ሐሜት።
ዞልዛያ፣ ብድር ክፍል ያለችው፣
ለአንድ የሱፍ ነጋዴ ዜሮ ጨምራ ዐሥር እጥፍ ጻፈችለት።
"እርጅና ነው" አለች ግንባሯን ይዛ፤
ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቷ።
አንዱ መስኮት ሊከፍት ታገለ፤ ያ መስኮት ለመታየት እንጂ
ለመከፈት አልተሠራም።
ቢከፈትስ? ከድንኳን ሰፈሩ ኮረብታ የወረደ የከሰል ጭስ
ደጅ ላይ ቆሟል፤
ውስጡ ደግሞ አርባ ሰው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ
መልሶ መላልሶ ያኝካል።

ሉቭሳን ከእረፍት ተመለሰ።
ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ግራ ጆሮው ደንቁሯል፣
በቀኙ ከሚሰማው በመዳፉ የሚሰማው ይበልጣል።
አልተቆጣኝም። መለኪያውን ይዞ ሰባተኛ ወጣ፣
ሁለት ሺህ አንድ መቶ አነበበ፣
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ ደግሞ አነበበ።

ፕላስተሩን ላጠው። በትንሿ በር እስከ ክርኑ ገባ፤
"ና፣ እጅህን ስደድ። ከታች። አሁን ከላይ።"
ከታች ምላጭ ነበር፤
ከላይ የተኛ ጥጃ ትንፋሽ።
በአንድ ሣጥን ሁለት አየር፣ ሰላም ሳይባባሉ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣
እንደ ተኳረፉ ወንድማማቾች ወደ አንድ ለቅሶ የሚነጉዱ፤
ብርዱ ከባድ ነውና በወለሉ ይሳባል፣
ሙቁ ኩሩ ነውና በጣሪያው ያልፋል።
ያቺ ጅማት አልዋሸችም ለካ! እሷ ታችኛውን ነበር የነካችው።
"ብርዱ ምን አጠፋ" አለ ሉቭሳን፣
"አስታራቂ አጥቶ እንጂ።"

ሦስት ቆርቆሮ ቆረጥን፣ በሰያፍ አጠፍን፤
አንዱ ሙቁን ወደ ታች ይገፋል፣ ሌላው ብርዱን ከወለል ያነሳል፤
ሦስተኛው አውራ ጣቴን በላኝ፣ ጠባሳው አለ።
ማጣሪያውንም አወጣ፤ ነጭ ሆኖ የገባው የድስት ቂጥ መስሎ፤
ምንም ሳይናገር ወስዶ
ከጎምቦ ጠረጴዛ ላይ፣ ከውሉ ወረቀት ላይ፣ አስቀመጠው።
አዲሱ በማግስቱ ተገዛ።

ከዚያ መዝጊያውን ከፈተው። ወለል አድርጎ አይደለም፤
ሦስት ጣቱን አስገብቶ ለካ።
"ለምን ሦስት?"
"ዛሬ ሰው ሙሉ ነው። እሑድ አንድ ይበቃል፤
ግንቦት ሲገባ ግን ወለል በል፣
ያኔ ደጁ በነጻ ያቀዘቅዝልሃል።"

ንጋት ዐሥራ አንድ ሆነ። ሻዬን ሳልጠጣ ጠበቅሁ።
ቴርሞሜትሩ ከላይ ዐሥራ አራት፣ ከታች ዐሥራ ሦስት ተኩል፤
ጅማቷም ዝም፤ ግን ይኼኛው ዝምታ ሌላ ነው፣ ማራገቢያው ሥሩ ይዘፍናል።
ረፋዱ ላይ ዞልዛያ ደወለች፦
"ምን አደረጋችሁ? በረዶ በረዶ ሸተተኝ፤
መዝገቤን ከፍቼ ያቺን ዜሮ አገኘኋት።"
ማን እንደ ዘጋው አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳት።

ፕላስተሩ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ቀርቷል።
ደውል በጮኸ ቁጥር እጄ ወደዚያ ይሄዳል፤
እመንገድ ላይ
አውራ ጣቴን አየዋለሁ።