የማትቆጥረው ቁልፍ

ቤቴ ታርቱ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ላይ፣
አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ በረዶ የሚያሳይ።
ቀን ለባንክ አድራለሁ፤ ማታ ግን ለብቻ
ኮድ እየጻፍኩ እሠራለሁ የሙዚቃ ማጫወቻ፦
ትንሽ፣ ግራጫ መስኮት፣ ጌጥ ያልተለጠፈበት፣
አሮጌ ኮምፒውተር ጫንቃው የማይጎብጥበት።
በነጻ ነው የምሰጠው፤ ነጻ ነገር ደግሞ
ሺህ ጌታ አያጣም የሚያዝ ቆሞ።

"ወደድኩት" አለ አንዱ፣ የመጋዘን ዘበኛ፣
"ስምህ ማነው አይለኝ፤ እንደኔ ዝምተኛ።"
"ጠላሁት" አለች ቱሊ፣ የጥርስ ሐኪም ናት፣
"በሁለት ዘፈን መሀል ዝምታ አለችበት፤
ግማሽ ሰከንድ አትሞላም፤ ግን በዚያች ቅጽበት
ታካሚዬ መሰርሰሪያውን ይሰማል በድንገት።"

ዝምታዋን ደፈንኩ፤ ሦስት ሳምንት ወሰደ።
ወዲያው ሌላው ጻፈ፦ "ክፍተቷ የት ሄደ?
እኔ የምተነፍሰው እዚያች ላይ ነበረ!"
አንዱ "ግራጫው ይቀየር፣ ሬሳ ሳጥን መሰለ"፣
አንዱ "ግራጫውን ብትነካ አላውቅህም" አለ።

ለሁሉም እሺ ስል፣ ሳቃና፣ ሳጎብጥ፣
ኅዳር ላይ አዲሱን እትም ለማውጣት ስሯሯጥ፣
ከየዘፈኑ ጎን የምትቀመጠውን፣
ስንቴ እንደተሰማ የምትናገረውን
ቁጥር ደመሰስኳት። በስህተት። በየቤቱ
ዜሮ ሆና አደረች።
ማንም ሰው አልጮኸም፤ ማን ቁጥር ያነባል?
ዝምታም ጥቂት ቀን ምስጋና ይመስላል።

ከዚያ ከቮሩ አንድ የወረቀት ደብዳቤ መጣ፣
በእስክሪብቶ፣ ጠንክሮ በተጫነ ጽሕፈት፦

"ሄልዩ እባላለሁ። ማጫወቻህን የጫነው ባሌ ኡኖ ነው፤
በር ሠሪ ነበር።
ጧት ጧት፣ መጋዙን ሳያነሳ፣ አንዲት ዋልስ ይሰማል።
አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰምቷት ሞተ።
አሁን ዜሮ ትላለች።
ዜሮ ጊዜ የሰማ ሰው ባሌ አይደለም።"

ላፕቶፔን ሸክፌ በአውቶቡስ ተሳፈርኩ፤
የድንች ልጣጭ ገፍቼ ጠረጴዛዋ ላይ ሰፈርኩ።
የዱሮውን መዝገብ ከኮምፒውተሩ ሆድ ፈልቅቄ አወጣሁ፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት።
በጣቷ ነካችው፤ አሻራዋ መስታወቱ ላይ ቀረ።
"እንግዲህ ስሚያት" አልኳት።
"አልሰማም" አለች፣ "ሁለት ዓመት አልሰማሁም።
ከሰማኋት አሥራ ሦስት ትላለች፤
አሥራ ሦስተኛዋ የኔ ናት፣ የሱ አይደለችም።"

እዚያው ጻፍኩ፣ ሳልነሳ፣ እሷ ድንች ስትልጥ፣
አንዲት ትንሽ ቁልፍ፣ ከጥግ የምትቀመጥ፣
ዘፈኑን አጫውታ ቁጥሩን የማትነካ።
ተጫነቻት። አኮርዲዮን ክፍሉን ሞላው፤ ለካ
ዋልሷ አጭር ኖራለች፣ ሁለት ደቂቃም አትደርስ።
ቢላዋዋ ቆመ። ድንቹ በእጇ እንደ ተያዘ።
ቁጥሩም ቆመ።

ያቺ ቁልፍ ዛሬ ከሁሉ የተጠላች ናት።
"ትርፍ ናት" ይላሉ፣ "ምን ትሠራለች? አውጣት!"
ቱሊም ጽፋለች፤ ዘበኛውም ዝምታውን ሰብሮ።
እሺ ማለት የለመደ ጣቴ፣ ስንት ዘመን አብሮኝ ኖሮ፣
በዚህ ነገር ብቻ "አይሆንም" ብሎ ይመልሳል፤
ለምን እንደሆነ አልጽፍም።
ቮሩ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ጧት ጧት ይነሳል።