ግራ ጉንጭ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ከላሚሶ ወንበር፣
ስሉ ምላጭ ቆሟል ከጉሮሮዬ በር።
"ንገረኝ" ይለኛል፣ አረፋውን ጠርጎ፣
"ያቺ ኳስ ገብታለች?" ሳቁን በሳል ሸሽጎ።
"አልገባችም" እላለሁ።
እንደ ሁልጊዜው።

ዘጠና አንድ፣ ሐዋሳ፣ ሰኔ ነበር ወሩ፣
ታቦር ስር ከሐይቅ ዳር ሲፋጠጥ ሰፈሩ፤
የእኛዎቹ በጋሪ፣ ከበሮ ጭነው መጥተው፣
የእነሱ ቆርቆሮ እስኪቀደድ መትተው፤
አባ ኮዳ ሳይቀር ዓሣ አንጀቱን ትቶ
ከአግዳሚው ላይ ቆሟል፣ ካፖርቱን ጎትቶ።
ዝናቡ አጥቦት ነበር የመስመሩን ኖራ፣
ላሚሶ ሲመታት ጭቃው አብሮ በራ፤
በደረቴ ወደቅሁ፣ አቀፍኳት እንደ ልጅ፣
መምህር ዳንጊሶ ፊሽካ አፉ ላይ፣ መነጽሩ በእጅ።

ይኸው ስንት ዓመቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣
አንዲት ኳስ ናት፤ ግን ሁለት ነው እውነቱ።
ዋንጫው ዝጎ ከርሞ መጋዘን ወድቋል፣
ጠቡ ግን በየሰኔው አዲስ ማልያ አጥልቋል።
ዳንጊሶም አረፈ፣ ሳይነግረን ያየውን፤
ከድንኳኑ ጀመርን፣ ሳንጨርስ ንፍሮውን።
ልጄ ራኬብ ሳትቀር፣ ታቦር ስር ዘንድሮ ገብታ፣
"ገብታለች አባዬ" ትለኛለች ማታ።

ምላጩ አገጬን ዞሮ ጆሮዬ ስር ደርሷል።

ስንዝር አልፋ ነበር።
በሆዴ ጎትቼ መለስኳት ከበር፤
ይህን የምናውቀው እኔና ያ ጭቃ።
ብናዘዝለትስ፣ በምን ልንጣላ?
ለሚመጣው ቅዳሜ ምን አለን ሌላ?

"አልገባችም" አልኩት። ሬዲዮኑ በርቷል።
"ቀና በል፣ በረኛው፤ ግራ ጉንጭህ ቀርቷል።"