እግረ መንገድሽን

ኦሶርኖ ላይ ዝናብ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ፤
ኤውሎሂዮ ሱቅ ውስጥ የብረት ሣጥኖች ያብለጨልጫሉ።
«ይሄ ነው!» ይለኛል አንዱን በቡጢ እየመታ፣
«ሠላሳ ስምንት ሊትር፣ ቁልፉ የማይረታ!»

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ቆሜ፣
ጥቅል ስመዝን ነው ያለፈው ዕድሜ፤
ባዶውን ሣጥን አንስቼ «አምስት ኪሎ» እላለሁ።
ይስቃል።
ይመዝናል።
ዝም ይላል።

ሰፊ ነው ሣጥኑስ፤ ሰፊ ቤት ግን ዕቃ ይጠራል፣
ባገኘው ክፍተት ሁሉ አንድ «ምናልባት» ይወልዳል፤
ምናልባት ቢበርደኝ፣ ምናልባት ቢጠማኝ፣
ምናልባት መንገድ ላይ ሰው ለሠርግ ቢጠራኝ።

ደግሞ ወደ ደቡብ መንገዱ ጠጠር ነው፣
መውደቅ አይቀርም፤ ስትወድቂ ሣጥኑ እግርሽ ላይ ነው።
ራሚሮ፣ የእህቴ ልጅ፣ ቁርጭምጭሚቱ የደቀቀ፣
መንገዱን ሲረግም ይኸው ዓመት አለቀ።
«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል፤
የእሱስ ተገልብጧል፤
ዳውላው አጥፍቶ አህያው ይደበደባል።

ስለዚህ የሸራውን መረጥኩ፣ ስልቻ መሳዩን፣
ሦስቴ ጠቅልለው የሚያስሩትን አፉን።
ቀኙ ከግራው ያንሳል፣ ጭስ ማውጫው በዚያ ነው፤
ብረት መከለያ ጨመርኩ፤ ያለሱ ሸራው ቅቤ ነው።
መፍቻና ፓምፑ ከታች፣ ወደ መሃል ተጠግተው፤
ልብሱ ከላይ፤ ነዳጅ ጋኑ ላይ ካርታና ዳቦው።
ከቀኙ ከረጢት አንድ ጥግ ባዶ ተውኩ።
«ይሄስ?» አለ ኤውሎሂዮ።
«የሰው ነው» አልኩ።
ራሱን ነቅንቆ ደረሰኙን ቆረጠ፤
ለማያውቀው ሰው ቦታ ገዝቶ የሚሄድ ደንበኛ አይቶ አያውቅም፣ እንግዲህ ምን ይበል፣ ዝናቡን አየና ተቀመጠ።

ላ አሬና፣ ጀልባው ላይ፣ ገና በሁለተኛው ቀን፣
አንዲት ሴትዮ መጣች ማርማላታ ታቅፋ፤
«ወደ ኦርኖፒሬን ነሽ? እንግዲያው እግረ መንገድሽን፣
ለወንድሜ ለኢሶሊኖ፤ ዓሣ መሸጫው ጎን።»
አድራሻ አልጻፈችም፤ ቴምብርም የለው።
በመዳፌ ያዝኩት፤ ዘጠኝ መቶ ግራም ነው።

ጥጉ ልክክ አድርጎ ዋጠው።
ሞተሬ ግን ከጀልባ ስትወርድ ወደ ቀኝ አጋደለች፣
ትንሽ፣ ለእኔ ብቻ የምትነግረኝን ያህል።
ቆምኩ። እዚያው፣ መውረጃው አፍ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣
ፓምፑን አወጣሁና ወደ ግራ አሻገርኩ።
ከኋላዬ ካሚዮን ጥሩንባ ነፋ።
ይንፋ።
ፖስታ ቤት ሰልፍ አለው።