ሃያ አራት ካስማ

የከተራ ለት ጧት፣ ጉም ሙጋን ሳይለቀው፣
ስንሻው ወረደ፣ ማንም ሳይጠይቀው፤
ሃያ አራት ካስማ፣ በጠፍር ታስሮ፣
ሁሉም የወይራ እንጨት፣ ጫፉ በእሳት ጠቁሮ።

ታቦቱ ሲመጣ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣
በከበሮው ጉልበት ምድር ስትናወጥ፣
እኔ ጥላ ይዤ፣ ካባዬን ደርቤ፣
ካስማው አደናቀፈኝ፤ ሰደብሁት ከልቤ።

ክረምት ላይ ኦሪትን ስንማር ከየኔታ፣
የሌዊን ሸክም ድርሻ ገለጥን አንድ ማታ፤
ቀዓት ታቦቱን በትከሻው ያዘ፣
ጌድሶን መጋረጃ፣ ግምጃውን አጋዘ፤
ሜራሪ...
ሜራሪን ማን አየው? ስሙንስ ማን ያውቃል?
ሳንቃ፣ አውታር፣ ካስማ፣ ይነቅላል፣ ይተክላል።
ግን ለሱ ብቻ ነው፣ ለሌላው ያልተባለ፦
እያንዳንዱ ዕቃ በስም ይቆጠር አለ።

ሄድሁ ወደ ስንሻው፤ ጓሮው አገኘሁት፣
የሜራሪን ነገር እንዳለ ነገርሁት።
«ስሙ ምን ማለት ነው?» አለኝ ካስማ እየጠረበ፣
«መራራ» አልሁ ፈራ ተባ፤ ቀና ብሎ አሰበ።
«ወይራም መራራ ነው፤» አለ ጣቱን ልሶ፣
«ምስጥ ጣፋጩን እንጂ፣ ይህን አይነካም ጨርሶ።

ይህ አደራ ይባላል፣ የጮቄን ነፋስ ይችላል፤
ይህ ደግሞ ቀብራራው፣ ካልቀጠቀጡኝ አልገባም ይላል፤
ያች አጭሯ እታገኝ፣ የሟች እናቴ ስም፣
ጥግ ላይ ናት፤ ድንኳኑ ያለሷ አይቆምም።»

ዘንድሮ ታቦት ገብቶ፣ ሕዝቡ ሆ ብሎ ሲመለስ፣
ጥላዬን ለሌላ ሰጥቼ፣ ቀረሁ እስኪመሽ ድረስ።
ሃያ ሦስት ነቀልን።
እታገኝ የለችም።

ስንሻው በጉልበቱ፣ እኔ ካባዬን ሰብስቤ፣
ሳሩን፣ ጭቃውን ስንዳብስ፣
በጨለማ፣
በስሟ እየጠራናት።