ሁለት ሳንቲም

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
ጭቃውን በድንጋይ፣ በድንጋይ ተራምዶ
የመጣ ነው እኔን የሚያገኝ።
ድንቂቱም መጣች፣ በሠላሳ ሁለት ሳምንቷ፤
ገመቹ ከኋላዋ፣ ደህናውን ጫማዋን በፌስታል ይዞ፣
እርሳስ ጆሮው ላይ፣ ሲሚንቶ ቅንድቡ ላይ፤
ግንበኛ ነው፤ ሥራ አቋርጦ ነው፣ ልጁን ሊያይ።

"ይቀዘቅዛል" አልኳት፣ ጄሉን ሳፈስባት።
ሳቀች፤ ሆዷም አብሮ ሳቀ።
ልቡ ይመታል፤ ጭንቅላቱ ደህና፤
ጭኑን ለካሁ፣ እንደ ሳምንቱ ነው፣ ምስጋና።
ከዚያ ትንሽ ዝቅ ስል፣ ከግራ ኩላሊቱ አናት ላይ
አንድ ነገር ተቀምጧል፤
ክብ፣ ጠቆር ያለ፣
ቤቱ ያልሆነ ቤት እንደ ገባ ሰው ዝም ያለ።

እጄ ቆመ።
እጅ ሲቆም እናት ታውቃለች።
"ምንድን ነው?" አለች።
ስንማር ነግረውናል፦ ያየሽውን ጻፊ፣ ባለሙያ አይገምትም።
ሪፈር ጻፍኩ። ፊቷን ግን አላየሁትም።

"ስንት ነው ልኩ?" አለ ገመቹ።
"ሁለት ነጥብ ሁለት ሳንቲም።"
ሜትሩን ከኪሱ ሳበ፣ ቁጥሩን በጥፍሩ ያዘ፤
"ይቺ? ይቺ እኮ የልስን ውፍረት ናት።
ለሁለት ሳንቲም ነው እንዴ እጅሽ እንዲህ የቆመላት?"

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ፣ ከከተማው ሆስፒታል።
"ብርቅ ነው አሉ" አለችኝ፣ "ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።
ልጁን መስሎኝ ነበር፤
ዕጢውን ኖሯል።
ክፉ ዘር ይመስላል አሉ። ግን አይነካም፣ አይቸኮልም፤
አንዳንዱ በራሱ ይከስማል፣ አንዳንዱ አይለቅም።
በየሳምንቱ ይለካ፤
ምጥ ሲመጣ ወደ እኛ፣ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት።"
ነጠላዋን አስተካከለች።
"በቃ፣ ጠብቂ ነው መድኃኒቱ።"

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እለካለሁ።
መብራት ሲጠፋ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ፣
ጄሉ ሆዷ ላይ እየደረቀ
ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራኛለች።
ሰዓት አትጠይቅም።

ባለፈው ቤታቸው ጎራ አልኩ።
ሳሎኑ ተለስኗል፣ ኮሪደሩም፤
መኝታ ቤቱ ብቻ ገና ብሎኬት ነው።
ከአልጋው ትይዩ፣ በግንበኛ እርሳስ፦

ሁለት ነጥብ ሁለት
ሁለት ነጥብ ስድስት
ሁለት ነጥብ ስድስት
ሁለት ነጥብ አራት

ከሥሩ ባዶ፣ ለጥቂት መስመር የሚሆን።

"ይሄን ግድግዳ ምነው ተውከው?" አልኩት።
መዳፉን ሻካራው ላይ አስኬደ፣
ውሃ ልክ እንደሚፈትሽ፣ ቀስ ብሎ፤
"ይቆይ" አለ፣
"ሁለት ሳንቲም ነው የቀረው።"