ሰምና አቧራ

"ሐሙስ መኪና ይመጣል፤ ምድር ቤቱን ጥረግ" አሉኝ፤
የዛገ ቁልፍና የአሥራ አንድ ሣጥን ዝርዝር ሰጡኝ።
"የጥንት ነው፤ ሰም ነው፤ የሚፈልገው የለ፤
ቁጠረውና ፈርም፤ ይሄዳል እንዳለ።"

እኔም የሰም ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ይኸው፤
በሞንታና ተራራ፣ በቢዩት ሆስፒታል፣
ከሕመምተኛ ገላ የተነሣ ቁራጭ በሰም ውስጥ ቀብሬ
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስልጠው ነው የማመሸው።

ሣጥኑን ስከፍተው፣ እንደ ጥርስ የተደረደረ ቢጫ ሰም፤
በእያንዳንዱ ጀርባ ቀጭን የብዕር ቀለም፦
ቶይቮ ላይኔ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ የቀኝ ሳንባ።
ራዶሚር ቩክሳን፣ አርባ አንድ፣ የግራ ሳንባ።
ስሙ ያልታወቀ፣ ከሰሜን ጉድጓድ፣ ሳንባ።
ሳንባ። ሳንባ።
ከሁሉም ሥር አንድ ፊርማ፦ ኦ. ፋልክ።

ልብስ አጣቢዋ ሲግኔ ናት ያወራችኝ፣
የአያቷን ወሬ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፦
ዶክተር ኦቲሊ ከብሬስላው ነው የመጣች፣
ማይክሮስኮፗን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፋ፤
ዩኒቨርሲቲው ስሟን ከበሩ ሰሌዳ ባንድ ጧት ቢያጠፋ።
እዚህም ደርሳ በሽተኛ የሚሰጣት አጣች።
"አነጋገሯ ይሰብራል፤ ሴት ናት፤ ጀርመን ናት" ተባለ።
ሬሳ ሰጧት፤
ከሬሳ መሀል አነጋገር ያረማት የለ።

ሰውን አፈር ይበላዋል፤ ይህ የቆየ ሕግ ነው፤
ቢዩት ላይ ግን አስቀድሞ አፈሩን ሰው በላው፤
መዳብ ፍለጋ ወርዶ፣ ድንጋይ በመሰርሰሪያ ፈጭቶ፣
ዱቄቱን በአፍንጫው ሰፍሮ፣ በደረቱ ጎተራ ከትቶ፤
ኋላ ሦስት ደረጃ ሲያቅተው፣ ቁና ቁና ሲተነፍስ፣
ቁናውን ከፍታ ያየች እሷ ናት፤ ሙሉ ነው፣ እስከ አፉ ድረስ።

ኩባንያው ሰው ላከ፤ ባርኔጣውን አላወለቀም።
"ነቀርሳ ብለሽ ጻፊ፤ ካገራቸው ያመጡት ነው፤ ይህ ማንንም አያስጨንቅም።"
ወንበሯን ለቀቀችለት። "እባክዎ፣ ጎንበስ ይበሉ፤
በዚህ መስታወት አንድ ጊዜ ይዩዋቸው፣ ምን እንደሚመስሉ።"
ጎንበስ አላለም።
እሷም ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ጻፈች፦ አቧራ።
በወሩ ደመወዟ ጎደለ፤ ክፍሏም ወረደ ወደ ማሞቂያው ተራ፣
እኔ አሁን ወደቆምኩበት፤
ሰሙ እንዳይለሰልስ በረዶ ትገዛ ነበር፣ ከራሷ ኪስ።

"ታዲያ ለመበለቶቹ ተከፈላቸው?" አልኳት።
ሲግኔ ሣቀች። "ሳንቲም የለም። አያቴ ግን ያንን ወረቀት
በመስታወት አስገብታ ከሳሎን ግድግዳ ሰቀለችው፤
በየቅዳሜው በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ትወለውለው።"

በእኛ ቋንቋ ሰም ሽፋን ነው፤ ብልህ ገፎ ይጥለዋል፣
ወርቁ ከሥር ነው ብሎ።
ትናንት ማታ የቶይቮን ሰም አንሥቼ አንድ ቅጠል ላጥኩ፤
በመብራቱ ላይ ሁለት ማጣሪያ አጣምሬ አየሁ።
መጀመሪያ ጨለማ። ከዚያ አንድ፣ አሥር፣ ሺህ ብልጭታ፣
በክረምት ሌሊት ከቤት ወጥቶ ቀና እንደ ማለት።
ሰማይ አይደለም፤ የሰው ሳንባ ነው።
ከሰማንያ ዓመት በኋላም ያ አቧራ አልሰከነም።
ወርቅ አልነበረም። መዳብም አልነበረም።

በሰሙ ጠርዝ ላይ፣ ሳይበርድ የተያዘበት፣
የአውራ ጣት አሻራ አለ።
ጣቴን አኖርኩበት፤ ጣቴ ተረፈ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ቆጠራውን ጨረስኩ፦ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
ቅጹ ላይ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ብዬ ፈረምኩ።
አንዷ በካፖርቴ ኪስ ናት፤
ሙቀቴ እንዳያለሰልሳት፣ በዚህ ብርድ፣
እጄን ከኪሴ አውጥቼ እየሄድኩ ነው።
ዶክተር ኦቲሊ ብትሆን
ይህን ቁጥር አትጽፈውም ነበር።